ካርታው ከሕጉ ሲበልጥ፦ በማጂክ ጨዋታ አስቸጋሪ የሕግ ጥያቄዎች እንዴት ይፈታሉ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1993 መቀመጫውን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያደረገው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ፣ ያን ጊዜ አነስተኛ የነበረ አሳታሚ ለገበያ ያቀረበው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የካርታ ጨዋታ ከቀደምቶቹ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። በተለመደው ካርታ ተጫዋቾች ሁሉ የሚጠቀሙት በአንድ በታወቀ እሽግ ሲሆን ሕጉም ከካርታዎቹ ውጭ ተለይቶ የሚታወቅ ነው፤ በማጂክ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ከገዛቸውና ከሌሎች ጋር ከተለዋወጣቸው ካርታዎች መርጦ ቢያንስ 60 ካርታ ያለው የራሱን እሽግ ያዘጋጃል፤ በየካርታውም ላይ ያ ካርታ የሚፈጽመው ተግባር፣ ማለትም የራሱ የሆነ ትንሽ ሕግ፣ ታትሞበት ይገኛል። ተጋጣሚዎቹ በምናብ አስማተኞች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ፤ ከመሬት ካርታዎች የሚገኘውን «ማና» የተባለ ኃይል እየከፈሉ አስማት ይሠራሉ፣ ፍጡራንን ወደ ጦር ሜዳ ይጠራሉ፣ የተጋጣሚያቸውንም ነጥብ ወደ ዜሮ ለማውረድ ይታገላሉ።

የጨዋታው ፈጣሪ ሪቻርድ ጋርፊልድ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የኮምቢናቶሪክስ፣ ማለትም ነገሮች በስንት መንገድ ሊደረደሩና ሊቀናጁ እንደሚችሉ የሚመረምረው የሒሳብ ዘርፍ፣ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ የጨዋታው ዋነኛ ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ከቅንጅት ብዛት ነው። የመጀመሪያው እትም 295 ካርታዎች ብቻ ነበሩት፤ ከእነዚህ ሁለት ሁለቱን ማጣመር 43 ሺህ ያህል ጥንድ ይሰጣል፣ ይህም ቢሆን ብዙ ነው። ዛሬ ግን በስም የሚለያዩት ካርታዎች ከ25,000 በላይ በመሆናቸው ጥንዶቹ ብቻ ከ300 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ሦስትና አራት ካርታዎች በአንድነት ሲገናኙ የሚፈጠረውን ሁኔታ አስቀድሞ አስቦ ሊጨርስ የሚችል ንድፍ አውጪ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርታ ለብቻው ሲነበብ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ማንም ያልጻፈው ጥያቄ ይነሳል፤ ጥያቄው ግን ጨዋታው ሳይቆም፣ ለሁለቱም ወገን በእኩልነት መመለስ አለበት።

ለዚህ ሲባል የተዘጋጀው አጠቃላይ የሕግ መጽሐፍ ከ200 ገጽ በላይ ሲሆን በዘጠኝ ክፍሎች ተከፍሎ አንቀጾቹ በቁጥር የተለዩ ናቸው፤ አዲስ የካርታ ስብስብ በታተመ ቁጥርም ይሻሻላል። መጽሐፉን ያልለመደ ሰው ለእያንዳንዱ እንግዳ ግጥሚያ የተለየ ፍርድ የተዘረዘረበት መዝገብ አድርጎ ሊገምተው ይችላል፣ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። የመጽሐፉ ትልቅ ብቃት ለጥቂት ጥያቄዎች ቋሚ ቅደም ተከተል ማውጣቱ ነው፦ ካርታው በትክክል ምን ይላል፣ ድርጊቱ መቼ ይፈጸማል፣ የትኛው ከየትኛው ይቀድማል፣ ምርጫ ሲኖር የሚመርጠውስ ማን ነው? ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሚጠይቅ ሰው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን እንቆቅልሽ እንኳ ሊፈታ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን የዘለለ ግን ካርታዎቹን በቃሉ ቢያውቃቸውም ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ድንጋጌ ተጫዋቾች «ወርቃማው ሕግ» የሚሉት ነው፤ ይህም የካርታው ጽሑፍ ከአጠቃላዩ ሕግ ጋር በቀጥታ ሲጋጭ ካርታው ይበልጣል ይላል። ልዩ ሕግ ከጠቅላላ ሕግ እንደሚቀድም በሕግ ትምህርት ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። አጠቃላዩ ሕግ ተጫዋቹ በአንድ ተራ አንድ መሬት ብቻ እንዲያስቀምጥ ሲፈቅድለት ሁለት እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ ካርታ ቢኖረው፣ ሕጉ በዚያው መጠን ለካርታው ቦታ ይለቃል። ሁለት ካርታዎች እርስ በርሳቸው ሲጋጩስ? አንዱ «ይችላል» ሌላው «አይችልም» ካለ ክልከላው ያሸንፋል፤ ተጨማሪ መሬት እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ካርታ በዚያ ተራ መሬት ማስቀመጥን በሚከለክል ካርታ ፊት ዋጋ የለውም፣ የትኛው ቀድሞ እንደወጣም አይጠየቅም። ወርቃማው ሕግ አንድ ነገር ብቻ አይነካም፤ ተጫዋች በፈለገ ጊዜ መሸነፉን አምኖ ጨዋታውን የመተው መብቱ በማንኛውም ካርታ ሊነፈግ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው «ፕላቲነም ኤንጀል» የተባለው መልአክ ባለቤቱ እንዳይሸነፍ የሚከለክል ቢሆንም፣ ባለቤቱ ተነስቶ «በቃኝ» ካለ መልአኩ ሊያስቆመው አይችልም። ሕግ አውጪዎቹ ከሁሉም ካርታ በላይ ያደረጉት ብቸኛ መብት ከጨዋታው የመውጣት ነፃነት መሆኑ አድናቆት የሚገባው ነው።

ካርታው ይበልጣል ሲባል ግን በእጅ የተያዘው ወረቀት ይበልጣል ማለት አይደለም። የየካርታው ሕጋዊ ቃል «ኦራክል» በተባለው ይፋዊና ወቅታዊ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ከ30 ዓመት በፊት የታተመና ዛሬ የታተመ አንድ ዓይነት ካርታ የተለያየ ቃል ቢኖራቸው ሁለቱም እንደ ኦራክሉ ይነበባሉ። ለምሳሌ «ላይትኒንግ ቦልት» የተባለው ሦስት ጉዳት የሚያደርስ የመብረቅ አስማት ለረጅም ጊዜ ፍጡርን ወይም ተጫዋችን እንደሚመታ ተጽፎበት ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 «ፕሌንስዎከር» የተባሉ አዲስ ዓይነት ካርታዎች ሲመጡ መብረቁ እነርሱን የሚያገኘው በተጠማዘዘ መንገድ ነበር፣ በ2018 ግን ቃሉ ማንኛውንም ዒላማ እንዲመታ ሆኖ ተስተካከለ። የድሮውን ካርታ የያዘ ተጫዋች በአዲሱ ቃል ይጠቀማል፤ ማንም በካርታው ዕድሜ አይጠቀምም፣ ማንም አይጎዳም።

ከሚነሱት ጥያቄዎች እጅግ ብዙዎቹ የጊዜ ጥያቄዎች ናቸው፣ መልሳቸውም «ቁልል» ተብሎ ሊጠራ በሚችለው ሥርዓት ላይ ይመሠረታል። አስማት ሲሠራ ወዲያው አይፈጸምም፤ በመጀመሪያ በቁልሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያም ተጋጣሚው በራሱ አስማት ምላሽ የመስጠት ዕድል ያገኛል፣ ያም ምላሽ በላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ለምላሹም ሌላ ምላሽ ሊኖር ይችላል። ሁለቱም በተከታታይ ምንም ላለማድረግ ሲስማሙ ብቻ ከላይ ያለው አንድ ነገር ይፈጸማል፣ ከዚያም ዕድሉ እንደገና ይሰጣል። ከምጣድ እየወጣ እንደሚደራረብ እንጀራ መጨረሻ የመጣው በላይ ሆኖ መጀመሪያ ይነሳል።

የዚህን ሥርዓት ክብደት ለመረዳት ጥንካሬው፣ ማለትም የሚገድለው የጉዳት መጠን፣ ሁለት የሆነ ድብ በሜዳ ላይ አለ እንበል። ተጋጣሚው መብረቁን ወደ ድቡ ሲሰነዝር የድቡ ባለቤት «ጃየንት ግሮውዝ» በተባለው አስማት ለዚያ ተራ በኃይልም፣ ማለትም በሚያደርሰው ጉዳት፣ በጥንካሬም ሦስት ቢጨምርለት፣ ማሳደጊያው ከላይ ስለሆነ ቀድሞ ይፈጸማል፣ ድቡ አምስት ጥንካሬ ኖሮት ሦስቱን ጉዳት ይቀበላል፣ ይተርፋልም። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ባለቤቱ ድቡን ለማሳደግ ቀድሞ ሲነሳና ተጋጣሚው በመብረቅ ሲመልስ፣ መብረቁ ቀድሞ ይወርዳል፣ ድቡ ይሞታል፣ ማሳደጊያውም ዒላማውን አጥቶ ከንቱ ይሆናል። በሁለቱ ሁኔታዎች ካርታዎቹ ያው ናቸው፣ ሜዳውም ያው ነው፤ የተለየው ማን መጀመሪያ እንደተነሳ ብቻ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚታገሠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚሁ የሚወለድና ጀማሪዎችን ዘወትር የሚያከራክር ሌላ ጥያቄ አለ። «ፕሮዲጋል ሶርሰረር» የተባለው ጠንቋይ አንድ ጉዳት የማድረስ ችሎታ አለው፤ ጠንቋዩ ችሎታውን ሲጠቀም ተጋጣሚው በምላሹ ቢገድለው ጉዳቱ ይቀራል ወይ? ብዙዎች «ሠሪው ከሞተ ሥራው እንዴት ይቀጥላል?» ይላሉ፣ ሕጉ ግን ችሎታው አንዴ በቁልሉ ላይ ከወጣ በኋላ ከባለቤቱ ተለይቶ የሚኖር ነገር እንደሆነ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ ጉዳቱ ይደርሳል። ችሎታውን ማስቆም የሚሻ ተጋጣሚ ጠንቋዩን ሳይሆን ችሎታውን ማክሸፍ፣ አለዚያም ጠንቋዩን ከመንቀሳቀሱ በፊት መግደል ነበረበት። በአንድ ጊዜ የሚቀሰቀሱ ችሎታዎችም ሥርዓት አላቸው፤ ተራው የሆነው ተጫዋች የራሱን መጀመሪያ በቁልሉ ላይ ያስቀምጣል፣ ተጋጣሚው በላዩ ይደርባል፣ በመሆኑም ቀድሞ ያስቀመጠው ሰው ችሎታ ኋላ ይፈጸማል፤ «መጀመሪያ ማስቀመጥ» ጥቅም የሚመስለው ቁልሉን ለዘነጋ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከጅምሩ አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ድረስ «ኢንተራፕት» የሚባሉ ከሌሎች ፈጣን አስማቶች ሁሉ የሚፈጥኑ ካርታዎች ነበሩ፣ ጉዳትን መከላከልም የራሱ የተለየ ጊዜ ነበረው፣ አንድ ጊዜ መፈጸም የጀመረ ሰንሰለትም በመሐል ሊቋረጥ አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት ከወጣው ስድስተኛው እትም ጋር ቁልሉ ሲተከል ልዩ ልዩ ፍጥነቶች ተሽረው ሁሉም በአንድ ሥርዓት ሥር ገቡ። በጨዋታው የሕግ ታሪክ ውስጥ የዚህን ያህል ብዙ ክርክር በአንድ ጊዜ የዘጋ ማሻሻያ ማግኘት ያስቸግራል።

ቁልሉ መቼ የሚለውን ከመለሰ በኋላ ምን በትክክል ይነካል የሚለው ይከተላል። «ብላክ ናይት» የተባለው ጥቁር ፈረሰኛ ከነጭ ቀለም አስማት ጥበቃ አለው፤ «ራዝ ኦፍ ጎድ» ደግሞ ፍጡራንን ሁሉ የሚያጠፋ ነጭ አስማት ነው። ፈረሰኛው ይተርፋል? አይተርፍም። ጥበቃ ማለት በሕጉ አራት የተወሰኑ ነገሮችን ብቻ መከልከል ነው፦ ከዚያ ቀለም የሚመጣ ጉዳት ይከሸፋል፣ የዚያ ቀለም ቁራኛ ድግምት ወይም መሣሪያ አይጣበቅበትም፣ የዚያ ቀለም ፍጡር ሊመክተው አይችልም፣ የዚያ ቀለም አስማትም ዒላማ ሊያደርገው አይችልም። የጥፋት አስማቱ ግን ዒላማ አይመርጥም፣ ጉዳትም አያደርስም፤ «ሁሉም ይጥፋ» ብሎ ያልፋል። ጥበቃ የሚለውን ስም ሰምቶ ፍጹም ደኅንነት የሚጠብቅ ሰው በዚህ ፍርድ ይከፋል፣ ነገር ግን ዳኛው ከስሙ ይልቅ በሕጉ የተዘረዘረውን ማየቱ ተገቢ ነው፤ አለዚያ የእያንዳንዱ ካርታ ኃይል እንደ አንባቢው ስሜት ይለዋወጣል።

በእያንዳንዱ ድርጊት መካከል ጨዋታው ራሱን የሚመረምርበት ጸጥተኛ ሥርዓትም አለ። ማንኛውም ተጫዋች የመንቀሳቀስ ዕድል ከማግኘቱ በፊት ሕጉ ሜዳውን ይቃኛል፤ ነጥቡ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ተጫዋች ይሸነፋል፣ የሚገድል ያህል ጉዳት የደረሰበት ፍጡር ይጠፋል፣ ጥንካሬው ዜሮ የሆነም ወደ መቃብር፣ ማለትም ያለቁ ካርታዎች ወደሚከማቹበት ስፍራ፣ ይገባል። እነዚህ እርምጃዎች በቁልሉ ላይ አይወጡም፣ ምላሽም አይሰጥባቸውም። ዋናው ነገር ቅኝቱ የሚደረገው አስማቱ ተፈጽሞ ካለቀ በኋላ እንጂ በመሐል አለመሆኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው «ታርሞጎይፍ» የተባለው ፍጡር ይህን ከማንም በተሻለ ያስረዳል። የዚህ ፍጡር ኃይል በሁሉም መቃብሮች ውስጥ ባሉት የካርታ ዓይነቶች ቁጥር ልክ ነው፣ ጥንካሬውም ከዚያ በአንድ ይበልጣል። በመቃብሮቹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ካርታዎች ብቻ ካሉ፣ ከእነዚህም አንዱ መብረቁ የሚመደብበት የፈጣን አስማት ዓይነት ካልሆነ፣ ፍጡሩ ሦስት ጥንካሬ አለው፣ መብረቁም ሦስት ጉዳት ያደርሳል፤ ማንም የሚገምተው ፍጡሩ እንደሚሞት ነው። ነገር ግን የመብረቁ ካርታ የመጨረሻ ድርጊቱ ራሱ ወደ መቃብር መግባት ስለሆነ፣ ቅኝቱ ሲደረግ በመቃብሮቹ ውስጥ ሦስት ዓይነት ካርታ ይገኛል፣ የፍጡሩ ጥንካሬ አራት ሆኗል፣ ሦስት ጉዳትም አይገድለውም። ገዳዩ በመቀበሩ ተገዳዩ ይድናል። ይህን ፍርድ ለመቀበል የሚቸገር ሰው ካለ እያንዳንዱን እርምጃ በቅደም ተከተሉ ቢያስኬድ ሌላ መልስ ሊያገኝ እንደማይችል ያያል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ብዙ ካርታዎች በአንድ ጊዜ የአንድን ነገር ባሕርይ ሲለውጡ ነው። ሕጉ ለዚህ ሰባት ደርቦችን አበጅቷል፤ የሜዳው ሁኔታ በተጠየቀ ቁጥር ለውጦቹ ከመጀመሪያው ደርብ እስከ ሰባተኛው እየተከተሉ እንደ አዲስ ይሰላሉ። በመጀመሪያው ደርብ አንዱ የሌላው ቅጂ መሆኑ፣ በሁለተኛው በማን ሥልጣን ሥር እንዳለ፣ በሦስተኛው የጽሑፉ መለወጥ፣ በአራተኛው ዓይነቱ፣ በአምስተኛው ቀለሙ፣ በስድስተኛው ችሎታዎችን ማግኘቱና ማጣቱ፣ በሰባተኛው ኃይሉና ጥንካሬው ይታያል። በአንድ ደርብ ውስጥ ሁለት ለውጦች ሲገናኙ በመሠረቱ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይታሰባል፤ ይህም ማለት ኋላ የመጣው በላዩ ይጽፋል ማለት ነው።

የደርቦቹን አስፈላጊነት ከሚያሳዩት ጥንዶች ሁሉ የታወቀው የ«ሂውሚሊቲ» እና የ«ኦፓለሰንስ» ነው። ሁለቱም በሜዳ ላይ ጸንተው የሚቆዩ፣ እያንዳንዳቸውም አራት ማና የሚያስወጡ ድግምቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ሂውሚሊቲ ፍጡራን ሁሉ ችሎታቸውን እንዲያጡና መሠረታዊ ኃይላቸውም ጥንካሬያቸውም አንድ እንዲሆን ያዛል። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው ኦፓለሰንስ ደግሞ ከራሱ በስተቀር ሌሎች ድግምቶችን፣ በሌላ ካርታ ላይ ከሚጣበቁት በቀር፣ ፍጡራን ያደርጋል፣ ኃይላቸውንና ጥንካሬያቸውንም በዋጋቸው ልክ ይወስናል። ሁለቱ ሲገናኙ ኦፓለሰንስ ሂውሚሊቲን ፍጡር ያደርገዋል፤ ሂውሚሊቲ ደግሞ ፍጡራንን ሁሉ ችሎታ ስለሚያሳጣ ራሱንም ችሎታ ያሳጣል፤ ችሎታውን ካጣ ግን ምንም ሊያሳጣ አይችልም፤ ካላሳጣ ደግሞ ችሎታው አለው። ክርክሩ በዚህ መንገድ ከቀጠለ ማብቂያ የለውም።

ደርቦቹ ክርክሩን የሚቆርጡት በዚህ መልኩ ነው። በአራተኛው ደርብ ኦፓለሰንስ ሂውሚሊቲን ፍጡር ያደርጋል። በስድስተኛው ሂውሚሊቲ ራሱን ጨምሮ ከፍጡራን ሁሉ ችሎታን ይገፋል። በዚህ ላይ ሕጉ አንድ ወሳኝ አንቀጽ ይጨምራል፤ አንድ ለውጥ በአንድ ደርብ መሥራት ከጀመረ፣ የፈጠረው ችሎታ በመሐል ቢገፈፍ እንኳ በቀጣዮቹ ደርቦች በእነዚያው ነገሮች ላይ መሥራቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ሂውሚሊቲ ችሎታውን አጥቶም ወደ ሰባተኛው ደርብ ይሻገራል፣ በዚያም ከኦፓለሰንስ ጋር በመምጫ ጊዜ ይወዳደራል። ሂውሚሊቲ ቀድሞ ወደ ሜዳ ወጥቶ ከነበረ የኦፓለሰንስ ቃል ኋላ ስለሚጻፍ ሂውሚሊቲ አራት ኃይልና አራት ጥንካሬ ያለው ፍጡር ይሆናል፤ ኦፓለሰንስ ቀድሞ ከነበረ ግን የሂውሚሊቲ ቃል ይጸናና ራሱን ሂውሚሊቲን ጨምሮ ሁሉም አንድ በአንድ ይሆናሉ። መልሱ ለብዙ ሰው የሚያረካ አይመስልም፣ ራሱን የሻረ ትእዛዝ መሥራቱን መቀጠሉ ከተለመደው አስተሳሰብ ጋር አይሄድምና፤ ሆኖም ከክቡ የሚወጣ፣ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚገኝ መልስ ነው፣ ለጨዋታ የሚያስፈልገውም ይህ ነው።

የመምጫ ጊዜም የማይወስንበት ሁኔታ አለ። «ብለድ ሙን» የተባለው ድግምት መሠረታዊ ያልሆኑ መሬቶችን ሁሉ ተራራ ያደርጋል፤ «ኧርቦርግ» የተባለው መሬት ደግሞ መሬቶች ሁሉ በተጨማሪ ረግረግ እንዲሆኑ ያደርጋል። ሁለቱም በአራተኛው ደርብ ይሠራሉ፣ ነገር ግን ኧርቦርግ ራሱ መሠረታዊ ያልሆነ መሬት ነው፣ ተራራ ሲሆንም የተጻፈበትን ችሎታ ያጣል። የአንዱ መፈጸም የሌላውን ህልውና የሚወስን ሲሆን ሕጉ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ጥገኛ ይለዋል፣ ጥገኛ የሆነውም የሚታሰበው ኋላ ነው። በመሆኑም ኧርቦርግ ከብዙ ተራ በፊት የወጣ ቢሆን እንኳ ብለድ ሙን በመጣ ጊዜ ተራራ ሆኖ ይቀራል፣ ረግረጉም ይጠፋል።

ምርጫ በሚኖርበት ቦታ ሕጉ ብዙ ጊዜ ወደ ተጎጂው ያደላል። «ፈርነስ ኦፍ ራዝ» ጉዳትን ሁሉ እጥፍ ያደርጋል፤ ተጫዋቹ ደግሞ «ሂሊንግ ሳልቭ» በተባለው አስማት ቀጣዩን ሦስት ጉዳት ለመከላከል ተዘጋጅቷል፣ መብረቅም ወረደበት። መጀመሪያ ከተከላከለ እጥፍ የሚሆን ነገር አይቀርም፤ መጀመሪያ ከታጠፈ ስድስት ሆኖ ሦስቱ ያልፋሉ። ቅደም ተከተሉን የሚመርጠው ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው በመሆኑ ምንም ሳይነካ ይወጣል።

እነዚህን ሕጎች በውድድር ላይ ሥራ ላይ የሚያውሉት ዳኞች ናቸው። ጥያቄ ያለው ተጫዋች እጁን አንስቶ ዳኛ ይጠራል፤ ዳኛው ሁለቱንም ወገኖች ሰምቶ ፍርዱን ይሰጣል፣ ያልተስማማው ወገን ለዋናው ዳኛ ይግባኝ ማለት ይችላል፣ የዋናው ዳኛ ውሳኔም የመጨረሻ ነው። ዳኛው ሕጉ ምን እንደሚል ይናገራል እንጂ የትኛው እርምጃ እንደሚያዋጣ አይመክርም፤ «ይህን ባደርግ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ «ምን ባደርግ ይሻላል?» የሚለው አያገኝም። ከሕጉ በላይ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የተፈጸመውን ማወቅ ነው፤ አንዱ «ምላሽ ልሰጥ ስል ቀደመኝ» ሌላው «ዝም ብሎኝ ነበር» ሲል ሰባቱም ደርቦች አይረዱም፣ ዳኛው በጠረጴዛው ላይ ካለው፣ ከተጻፈው የነጥብ መዝገብና ከሁለቱ ቃል እውነቱን መመዘን አለበት። የሕጉን መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፣ በጥድፊያና በንዴት መካከል ሁለት ሰዎችን በእኩል ልብ የሚሰሙት ግን ያነሱ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ የሚገባው ክብር ሁልጊዜ አልተሰጠውም።

ዳኞችን እስከ ዳር ከሚፈትኑት ጉዳዮች መካከል ማብቂያ የሌላቸው ዑደቶች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው «ኦብሊቪየን ሪንግ» የተባለው ቀለበት ወደ ሜዳ ሲመጣ መሬት ያልሆነ ሌላ ካርታን ግድ ከሜዳው ያሳድዳል፣ ራሱ ከሜዳው ሲወጣ ደግሞ ያሳደደውን ይመልሳል። በሜዳው ላይ መሬት ያልሆነ ሌላ ነገር ሳይኖር ሦስት ቀለበቶች ተራ በተራ ቢመጡ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያሳድዳል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ያሳድዳል፣ ሁለተኛው በመውጣቱ የመጀመሪያው ይመለሳል፣ እርሱም ሦስተኛውን ያሳድዳል፣ ሁለተኛው ይመለሳል፣ እንዲህ እያለ ያለ ፍጻሜ ይዞራል። ማንም መርጦ የሚያደርገው ስላልሆነና ማንም ሊያስቆመው ስለማይችል ጨዋታው በአቻነት ያበቃል። ዑደቱ በተጫዋቹ ፈቃድ የሚካሄድ ሲሆን ግን ተጫዋቹ ስንት ጊዜ እንደሚደግመው ቁጥር መጥራት አለበት፤ «ሚሊዮን ጊዜ» ቢል ሚሊዮን ሆኖ ይቆጠርለታል፣ «እስከ ዘላለም» ማለት ግን አይፈቀድለትም።

ከዚህ የጠለቀውን ገደብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 አሌክስ ቸርቺል፣ ስቴላ ቢደርማን እና ኦስቲን ሄሪክ ያወጡት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በውድድር ከሚፈቀዱ ካርታዎች፣ ተጫዋቾቹ ምንም ምርጫ ሳይቀርላቸው ካርታዎቹ በግዴታ እየተቀሰቀሱ እንደ ኮምፒውተር የሚያሰሉበትን ሁኔታ አቀናብረው፣ ማጂክ የትኛውም ኮምፒውተር የሚያሰላውን ማስላት እንደሚችል አረጋገጡ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳስረዳው የአንድ ስሌት ሂደት ያበቃ እንደሆነ ወይም ለዘላለም ይቀጥል እንደሆነ ለሁሉም ሁኔታ አስቀድሞ የሚናገር ዘዴ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ሁሉም እርምጃ ግዴታ የሆነበት የማጂክ ጨዋታ እንኳ ማን እንደሚያሸንፍበት በአጠቃላይ ዘዴ ሊታወቅ አይችልም። ከላይ የተገለጸው የቀለበት ዑደት አቻ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል የሆነው ዓይን የሚያየው አጭር ዑደት በመሆኑ ብቻ ነው።

በእውነተኛ ውድድር ላይ የዚህ ችግር ቅርብ ዘመድ «አራቱ ፈረሰኞች» በሚል ስም የሚታወቀው እሽግ ነው። ይህ እሽግ «ባሳልት ሞኖሊት» እና «ሜዝመሪክ ኦርብ» የተባሉትን ካርታዎች በማገናኘት ተጫዋቹ የራሱን እሽግ አንድ በአንድ ወደ መቃብር እንዲያፈስስ ያስችለዋል፤ በእሽጉ ውስጥ ያለው «ኤምራኩል» የተባለው ግዙፍ ፍጡር ወደ መቃብር በገባ ቁጥር ግን መቃብሩ በሙሉ ተበውዞ ወደ እሽጉ ይመለሳል። ተጫዋቹ የሚፈልገው ኤምራኩል ከመውጣቱ በፊት የሚያሸንፉት ካርታዎች በተስማሚ ሁኔታ ወደ መቃብር እንዲገቡ ነው፤ ደጋግሞ ከሞከረ ይህ አንድ ቀን መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ሕጉ ግን አቋራጭ የሚፈቅደው እያንዳንዱ ድግግሞሽ ምን እንደሚያስከትልና መጨረሻው ምን እንደሚሆን ተጫዋቹ በትክክል ሲናገር ነው፣ በተበወዘ እሽግ ደግሞ ይህን መናገር አይቻልም። በእጁ እያንዳንዱን ድግግሞሽ እንዳያካሂድም ሁኔታው ሳይለወጥ ያንኑ የሚደጋግም ተጫዋች ጊዜ በማባከን ይቀጣል፣ የውድድር ዙርም አብዛኛውን ጊዜ በ50 ደቂቃ የተወሰነ ነው። ማሸነፉ የተረጋገጠለት ሰው ማሸነፉን ማሳየት ስላልቻለ ይከለከላል። በዚህ ፍርድ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን በሌላኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ተጋጣሚም ጊዜ አለው፣ ከእነርሱ በኋላ የሚጫወቱትም ዙሩ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፣ ዳኛውም የሚፈርደው ሊሆን በሚችለው ላይ ሳይሆን ተጫዋቹ በዚያ ሰዓት በቃሉ ሊገልጸው በሚችለው ላይ ነው።